ያገሩን ሰርዶ በማን በሬ? የዜግነት መስፈርትና ከፍተኛው ወንበር

ኬኔት ካውንዳ ዛምቢያን ከነፃነቷ ዕለት ጀምሮ 27 ዓመት መርተዋል። መልካቸው ገንዘቧ ላይ ታትሞ በየገበያው ዞሯል። በ1991 በምርጫ ሲሸነፉም ቤተ መንግሥቱን በሰላም ለቅቀው ወጥተዋል። በ1999 የዚያችው አገር ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ ካውንዳ የዛምቢያ ዜጋ አይደሉም፣ የሌላም አገር ዜጋ አይደሉም ሲሉ ወሰኑ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኋላ ውሳኔውን እስኪሽረው ድረስ፣ አገር ያቆሙት ሰው አገር አልባ ሆነው ሰነበቱ። (በዚህ ጽሑፍ፣ ከኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር በቀር፣ «ዓ.ም» ያልተከተለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩን እዚያ ያደረሰው አንድ አንቀጽ ነው። ካውንዳን ያሸነፉት ፍሬድሪክ ቺሉባ፣ አሮጌው መሪ ወደ ምርጫ ሊመለሱ መሆኑ ሲታወቅ፣ በ1996 ሕገ መንግሥቱን አሻሻሉ። ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን እናቱም አባቱም በትውልድ ወይም በዘር ዛምቢያዊ እንዲሆኑ ተደነገገ። የካውንዳ ወላጆች ከዛሬዋ ማላዊ የመጡ ነበሩ። አባታቸው ሰባኪና መምህር ሆነው ተሻገሩ፤ ካውንዳም በ1924 ቺንሳሊ አጠገብ ተወለዱ። በ1924 ግን ዛምቢያ የሚባል አገር የለም፤ ማላዊም የለችም። ሁለቱም በእንግሊዝ እጅ ነበሩ፤ ዛምቢያዊነት በሕግ የተጀመረው በኦክቶበር 1964 ነው። በቃሉ ጥብቅ ትርጉም ከሄድን፣ በ1996 ለፕሬዚዳንትነት ዕድሜው የደረሰ ሰው ሁሉ ወላጆቹ የተወለዱት አገሪቱ ሳትወለድ ነው። አንቀጹ የማንንም ስም አልጠራም። ሉሳካ ውስጥ ግን ስሙን የሳተ ሰው አልነበረም።

«ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይላል የእኛ ሰው። አባባሉ አያጣላም፤ አገሩን የሚያውቅ፣ ከአገሩ ጋር የሚነሣና የሚወድቅ ሰው ይምራ ነው የሚለው። ጠቡ የሚጀምረው የበሬው አገር የት እንደሆነ ሲጠየቅ ነው። አንዱ ሕገ መንግሥት የትውልድ ቦታውን ያያል፣ ሌላው እናትና አባቱን፣ ሦስተኛው ኪሱ ውስጥ ያለውን ፓስፖርት፣ አራተኛው ሚስቱንና ልጆቹን ሳይቀር ይቆጥራል። እኔ እንዲህ ያለ አንቀጽ ሲገጥመኝ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ሲጻፍ በጸሐፊዎቹ ልብ ውስጥ የነበረው ማን ነው? የታገደው ሰውስ በገዛ እጁ ሊያቃናው የሚችለው ጉዳይ ነው ወይስ ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ ያለቀ? ሁለተኛው ጥያቄ ለእኔ ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ቺሉባ የቆፈሩት ጉድጓድ የራሳቸውን እግር ሊይዝ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ተቀናቃኞቻቸው «የእሳቸውም አባት ከውጭ የመጡ ናቸው» ብለው በዚያው አንቀጽ ከሰሷቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 ክሱን ጣለው። በ2001 የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ድንጋጌው የአፍሪካን ቻርተር ይጥሳል አለ። አንቀጹ ግን ንቅንቅ አላለም። በ2014 ፕሬዚዳንት ማይክል ሳታ ሲሞቱ ምክትላቸው ጋይ ስኮት ተተኩ። ስኮት ሊቪንግስተን ከተማ የተወለዱ፣ ወላጆቻቸው ከብሪታንያ የመጡ ነጭ ዛምቢያዊ ናቸው። ሦስት ወር ገደማ አገሪቱን በተጠባባቂነት መሩ፤ በጃንዋሪ 2015ቱ ምርጫ ግን ዕጩ መሆን አልቻሉም። ለካውንዳ የተጠመደ ወጥመድ ከ18 ዓመት በኋላ እሳቸውን ያዘ። የወላጅ መስፈርቱ የተሰረዘው በ2016 ነው።

ዛምቢያ ይህን ሁሉ ያለ ጦርነት አለፈችው። ኮትዲቯር አላለፈችውም። በዚያ አገር አላሳን ዋታራ የሚባሉ ሰው ከ1990 እስከ 1993 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። መሥራቹ ፕሬዚዳንት ኡፉዌ ቧኚ ከሞቱ በኋላ ግን የወራሽነት ፉክክር መጣ፤ ሥልጣኑን የወረሱት ሄንሪ ኮናን ቤዲዬም «ኢቯሪያዊነት» የሚል ነገር ከፍ አድርገው ያዙ። በ1994 የምርጫ ሕጉ የዕጩው እናትና አባት ሁለቱም በትውልድ የአገሩ ተወላጅ ይሁኑ አለ። የዋታራ ጠላቶች ደግሞ ቤተሰባቸው ከቡርኪና ፋሶ ነው ይሉ ነበር። በ2000ው ሕገ መንግሥት ረቂቅ ላይ ክርክሩ ወደ አንዲት ቃል ጠበበ፤ «እናት ወይም አባት» ይባል ወይስ «እናት እና አባት»? «እና» አሸነፈች። ዋታራም ከዕጩነት ተሰረዙ። የቡርኪና ፋሶ ታሪክ ደግሞ ጨዋታውን ያሳብደዋል፤ ፈረንሳዮች ያችን ቅኝ ግዛት በ1932 አፍርሰው ብዙውን ክፍሏን ከኮትዲቯር ጋር ቀላቅለው፣ በ1947 መልሰው አቋቁመዋታል። በዚያ መካከል የተወለደ ሰው የየት ነው?

ከ2002 ጀምሮ አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች። ሰሜኑ ያመፀው በዚህ አንቀጽ ብቻ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል፤ የመሬትና የወታደር ደመወዝ ጉዳይም ነበረበት። ቢሆንም መታወቂያ እየታየ «አንተ የእኛ አይደለህም» መባሉ ለአመፁ ዋና ማገዶ ነበር። በ2005 ፕሬዚዳንት ሎራን ባግቦ በልዩ ሥልጣናቸው የዋታራን ዕጩነት ፈቀዱ። ዋታራ የ2010ውን ምርጫ አሸነፉ፤ ባግቦ አልለቅም ስላሉ በተከተለው ግጭት ወደ 3,000 ሰው አለቀ። በ2016 «እና» ወጥታ «ወይም» ገባች። አንዲትን መስተፃምር ለመለወጥ ስንት አስከሬን እንደፈጀ የቆጠረ ሕግ አውጪ አላየሁም።

ሜክሲኮ ያንኑ ለውጥ በብዕር ጨረሰችው። የዕጩው ወላጆች ሁለቱም በትውልድ ሜክሲኳውያን እንዲሆኑ ይጠይቅ የነበረው አንቀጽ 82 በ1994 ተሻሽሎ አንዱ ወላጅ በቂ ሆነ። እናታቸው ስፔን የተወለዱት ቪሴንቴ ፎክስም በ2000 ተወዳድረው ለ71 ዓመት ያልተበገረውን ፓርቲ ከሥልጣን አወረዱ። በተቃራኒው የምያንማር ጄኔራሎች በ2008 ባጻፉት ሕገ መንግሥት የትዳር ጓደኛው ወይም ልጆቹ የውጭ ዜጋ የሆኑበት ሰው ፕሬዚዳንት አይሆንም አሉ። ባላቸው እንግሊዛዊ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው የእንግሊዝ ዜጎች የሆኑት የተቃዋሚው ፓርቲ መሪ አውን ሳን ሱ ቺ በአገሪቱ አንድ ናቸው። ፓርቲያቸው በ2015 ሲያሸንፍ «የመንግሥት አማካሪ» የሚል አዲስ ወንበር ተሠራላቸውና ከፕሬዚዳንቱ በላይ ሆነው መሩ። እንዲህ ያለ አንቀጽ ሕዝብ የፈለገውን ሰው አያስቀርም፣ በጓሮ በር ያስገባዋል እንጂ። ጄኔራሎቹ በ2021 የፊቱንም የጓሮውንም በር በታንክ ዘጉት፤ ያኔ አንቀጽ አላስፈለጋቸውም።

የዚህ ሁሉ አያት የአሜሪካው ሕገ መንግሥት ነው። ፕሬዚዳንት የሚሆነው «በትውልድ ዜጋ» የሆነ፣ 35 ዓመት የሞላው፣ በአገሪቱ 14 ዓመት የኖረ ሰው ነው። በጁላይ 1787 ጆን ጄይ የሚባሉ የኒውዮርክ ሰው የሕገ መንግሥት ጉባኤውን ለሚመሩት ለጆርጅ ዋሽንግተን ደብዳቤ ጽፈው የጦሩ ጠቅላይ አዛዥነት ከትውልድ ዜጋ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አሳሰቡ። የዘመኑ ስጋት የታወቀ ነው፤ አዲስና ደካማ ሪፐብሊክ፣ አጠገቡ ደግሞ መስፍኖቻቸውን በሰው አገር ዙፋን ላይ ማስቀመጥ የለመዱ የአውሮፓ ነገሥታት። ለስጋቱ ይቅርታ አለኝ። የአንቀጹ ጸሐፊዎችም ራሳቸውን አልረሱም። ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ ዜጋ የነበረ ሁሉ ብቁ ነው ስለተባለ፣ ካሪቢያን ባሕር ላይ ኔቪስ ደሴት የተወለዱት አሌክሳንደር ሃሚልተን አልታገዱም።

«በትውልድ ዜጋ» ምን ማለት እንደሆነ ግን ሕገ መንግሥቱ አይተረጉምም፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በአንድ የፕሬዚዳንት ዕጩ ላይ ቁርጡን ተናግሮ አያውቅም። ጆርጅ ሮምኒ ሜክሲኮ ተወልደው ለ1968ቱ ምርጫ ተነሡ። ጆን ማኬይን የተወለዱት ፓናማ ካናል ላይ በነበረ የአሜሪካ ይዞታ ነው፤ በ2008 ሴኔቱ ለይቶ የብቁነት ምስክርነት አወጣላቸው። ቴድ ክሩዝ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከአሜሪካዊት እናት ተወልደው በ2014 የካናዳ ዜግነታቸውን ተዉ። በእነዚህ ሁሉ ላይ የነበረው ጥያቄ የሕግ ባለሙያ ጨዋታ ነበር። ሐዋይ የተወለዱት ባራክ ኦባማ ላይ ሲደርስ ግን ጠባዩ ተለወጠ። ሕጋዊ ጥያቄ አልነበረባቸውም፤ ስማቸውና አባታቸው ነበር ጥያቄ የሆነው። በኤፕሪል 2011 አንድ በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት ሙሉ የልደት ምስክር ወረቀቱን ለሕዝብ አወጣ። አንቀጹ በወረቀት ያላገደውን ሰው ሐሜት በጎዳና ሊያግደው እንደሚሞክር ያኔ ታየ።

እዚህ ላይ ለእኛ ቅርብ የሆነ ነገር አለ። ኢትዮጵያ ለውጭ ዜጎች ጉዲፈቻ መስጠትን በ2010 ዓ.ም እስክታግድ ድረስ ብዙ ሕፃናት በጨቅላነታቸው ወደ አሜሪካ ሄደዋል። እዚያ አድገው፣ ሌላ ቋንቋ ሳያውቁ፣ ሌላ አገር ሳያዩ፣ ዜጋ ናቸው። ተወካይም ሴናተርም፣ የግዛት አስተዳዳሪም መሆን ይችላሉ፤ ሕጉ በተለምዶ እንደሚነበበው ፕሬዚዳንት መሆን ግን አይችሉም። እንግዲህ ሞቃዲሾ የተወለዱት ኢልሃን ኦማር ምክር ቤት ገብተው ሕግ ያወጣሉ፣ ቤተ መንግሥቱ ግን የተዘጋ ነው። ከኤርትራውያን ስደተኞች ካሊፎርኒያ የተወለዱት ጆ ነጉሴ ግን በሩ ክፍት ነው። አንድ ዓመት ዘግይቶ መወለድ ወይም የወላጅ ቀድሞ መሻገር ይህን ያህል ይለያል። ኦሪን ሃች የተባሉት ሴናተር በ2003 ለ20 ዓመት ዜጋ የሆነ ሁሉ ይወዳደር የሚል ማሻሻያ አቅርበው ነበር። ያኔም ሰው ረቂቁን ያነበበው ካሊፎርኒያን ሊያስተዳድሩ ከተመረጡት ከኦስትሪያዊው ተወላጅ ከአርኖልድ ሽዋዘኔገር ጋር አያይዞ ነው። የተለመደው ስም ፍለጋ፣ በዚህ ጊዜ ለማስገባት።

እስራኤልን ከአሜሪካ አጠገብ አስቀምጧት። ጎልዳ ሜየር የተወለዱት ኪየቭ ነው፤ ከእሳቸው በፊት የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትሮችም አብዛኞቹ ከውጭ የመጡ ናቸው። ጎንደር አካባቢ ተወልደው በልጅነታቸው በዘመቻ ሙሴ ወደ እስራኤል የተወሰዱት ፕኒና ታማኖ ሻታ በ2020 ሚኒስትር ሆኑ፤ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትርነት የሚያግዳቸው የትውልድ አንቀጽ የለም። ሕጉ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ክኔሴት፣ ማለትም ምክር ቤቱ፣ የሚገባ ሰው ሁለተኛ ዜግነት ካለው ለመልቀቅ የሚችለውን ሁሉ ሳያደርግ ቃለ መሐላ አይፈጽምም። (እስራኤል በሌላው የዜግነት ፖለቲካዋ የእኩልነት ምሳሌ ናት እያልኩ አይደለም። ስለዚህ አንድ አንቀጽ ብቻ ነው የማወራው።) ይህ «ልቀቅ» የሚለው ትእዛዝ ከወላጅና ከትውልድ ቦታ በጣም ይለያል። ሰውየው ወረቀት ፈርሞ የሚወጣው ነገር ነው።

እሱም ቢሆን ካልተጠነቀቁበት ቀልድ ይሆናል። የአውስትራሊያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 የውጭ ዜግነት ያለው ሰው ፓርላማ እንዳይቀመጥ ይከለክላል። በ2017 ሴናተር ስኮት ሉድላም በሦስት ዓመታቸው ለቅቀዋት የመጡት ኒውዚላንድ አሁንም ዜጋዬ እንደምትላቸው ተረድተው ሥራ ለቀቁ። የፓርቲ ባልደረባቸው ላሪሳ ዋተርስ ተከተሉ፤ ከካናዳ የወጡት በ11 ወራቸው ነው። ከዚያ ሰዉ ሁሉ የአያት ቅድመ አያቱን ወረቀት ያገላብጥ ጀመር። ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባርናቢ ጆይስ አውስትራሊያ ውስጥ ተወልደው ያደጉ የገጠር ሰው ናቸው፤ አባታቸው ኒውዚላንድ ስለተወለዱ ግን ሳያውቁት የዚያች አገር ዜጋ ሆነው ተገኙ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ኦክቶበር 27 ቀን 2017 ጉዳያቸው ከቀረበው ሰባት ሰዎች አምስቱ ብቁ እንዳልነበሩ ወሰነ፤ ጆይስም አንዱ ነበሩ። አላውቅም ነበር ማለት አልረዳቸውም። የኒውዚላንድ ዜግነታቸውን ጥለው ዲሴምበር 2 በተደረገ የማሟያ ምርጫ ወንበራቸውን መለሱ። ያስቀኝም ያሳስበኝም አንድ ነገር ነው፤ የአውስትራሊያ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ብቁ መሆን አለመሆኑን የወሰነው የኒውዚላንድ ሕግ ነው። ሌላ አገር ነገ በአዋጅ «ዜጋዬ ነህ» ቢልህ ወንበርህ ሄደ ማለት ነው። የኬንያ ሕገ መንግሥት ጸሐፊዎች በ2010 ይህን አስቀድመው አይተውታል። ጥምር ዜጋ ለከፍተኛ የመንግሥት ሹመት አይበቃም ካሉ በኋላ፣ በሌላ አገር ሕግ ያለ ፈቃዱ ዜጋ የተደረገና መውጫ የሌለውን ሰው ለይተው አወጡት። ጎረቤታችን ሶማሊያ ደግሞ ከነጭራሹ ሌላ መንገድ ይዛለች፤ መሐመድ አብዱላሂ ፋርማጆ በ2017 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ የአሜሪካ ዜጋም ነበሩ፤ የአሜሪካውን የተዉት በ2019 ነው። ግማሽ ልሂቁ በስደት ለኖረ አገር ከዚህ ሌላ ምርጫ ነበር ለማለት ይቸግረኛል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የወላጅ መስፈርት የባዕድ ፈጠራ አይደለም። የ1948 ዓ.ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲወለድ ወላጆቹ የኢትዮጵያ ተገዢ ያልነበሩ ሰው ሚኒስትር ሆኖ እንደማይሾም ይደነግግ ነበር፤ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤትም ዕጩው በትውልድ ኢትዮጵያዊ መሆን ነበረበት። ይህን የሚለውን ሰነድ በማርቀቅ የተሳተፉት የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ጆን ስፔንሰር አሜሪካዊ መሆናቸውን ሳስብ ፈገግ እላለሁ። ሚኒስትር መሆን ያልተፈቀደለት ባዕድ የሚኒስትሩን ሕግ ይጽፍ ነበር።

የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት ይህን ሁሉ ትቶታል። አንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ኢትዮጵያዊ የሆኑበትን ዜጋ ያደርጋል፣ የውጭ ዜጋም ኢትዮጵያዊ መሆን እንደሚችል ይናገራል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአንቀጽ 73 ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል፤ የምክር ቤቱ አባል ደግሞ በአንቀጽ 38 የመመረጥ መብት ያለው ኢትዮጵያዊ ነው። ስለ ርዕሰ ብሔሩ የሚያወራው አንቀጽ 70 አመራረጡንና ዘመኑን እንጂ ትውልዱን አያነሣም። ዜግነቱን ተወልዶ ያገኘውንና በሕግ ያገኘውን የሚለይ መስመር የትም የለም። በእኔ ግምት ከሰነዱ ብዙ ከማይነገርላቸው በጎ ነገሮች አንዱ ይህ ዝምታ ነው።

ጠበቅ ያለው ነገር ያለው በአዋጆቹ ውስጥ ነው። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያን እንደተወ ይቆጥራል። የቢጫ ካርዱ አዋጅ ቁጥር 270/1994 ትውልደ ኢትዮጵያውያን ያለ ቪዛ እንዲገቡ፣ እንዲሠሩ፣ ንብረት እንዲያፈሩ ፈቅዶ፣ በየትኛውም የመንግሥት እርከን መምረጥና መመረጥን፣ በመከላከያ፣ በደኅንነት፣ በውጭ ጉዳይና በመሰል ፖለቲካዊ ተቋማት በቋሚነት መቀጠርን ከልክሏል። ከባለ ቢጫ ካርድ ወዳጆች ጋር ቡና ላይ ሲነሣ ቅሬታው ይታወቃል፤ «ገንዘባችን ሲሆን ኢትዮጵያዊ፣ ድምፃችን ሲሆን ፈረንጅ»። ቅሬታው እውነት አለው። ስለ መምረጥ ከሆነ አብሬያቸው አዝናለሁ። ስለ መሾም ከሆነ ግን ከአዋጁ ጋር ነኝ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ለጦር የሚያዝዝ፣ ውል የሚፈርም ሰው ነገር ሲበላሽ ሌላ ኤምባሲ በር ላይ የሚሰለፍበት ወረቀት ሊኖረው አይገባም።

ችግሩ ያለው ከዛፉ ወርዶ መመለስ የሚፈልገው ሰው ላይ ነው። አዋጁ ኢትዮጵያ መጥቶ መኖሪያውን ካደረገ፣ የውጭ ዜግነቱን ከተወና ለባለሥልጣኑ ካመለከተ ዜግነቱ ይመለስለታል ይላል። ሦስቱ አብረው መሟላት አለባቸው፤ ፓስፖርት መመለስ ብቻውን ኢትዮጵያዊ አያደርግም። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው የኮትዲቯርን የ2025 ምርጫ ላላየ ነው። የታወቁት የባንክ ሰው ቲጃን ቲያም በ1987 የፈረንሳይ ዜግነት ወስደው ነበር፤ በማርች 2025 ተዉት፤ በኤፕሪል ፍርድ ቤት ከመራጮች መዝገብ ሰረዛቸው። ምክንያቱ ከ1961 ጀምሮ የነበረ የዜግነት ሕግ ነው፤ የውጭ ዜግነት የወሰደ ያገሩን ያጣል የሚል፣ ከእኛው ጋር የሚመሳሰል። ለመዝገብ ሲቀርቡ ፈረንሳዊነታቸውን ገና አልጣሉም ነበር ተባለ። ያንን ምርጫ ያሸነፉት፣ በአንዲት «እና» ምክንያት ዓመታት የታገዱት ዋታራ ናቸው።

እኛም ዘንድ ነገ አንድ ዕጩ «መልሻለሁ» ሲል ሌላው «አልተመለሰልህም» ማለቱ አይቀርም፤ ያኔ መልሱ በአንድ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ያለ ደብዳቤ ይሆናል። ውጭ አገር ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልደው የሌላ አገር ዜግነት ላገኙ ልጆችም እንዲሁ ነው። አዋጁ ለአካለ መጠን በደረሱ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትተው ኢትዮጵያዊነትን ካላስመዘገቡ እንደተዉት ይቆጥራቸዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ስቶክሆልም ያለ የ18 ዓመት ልጅ ይህን ቀነ ገደብ ያውቀዋል ብዬ አላምንም፤ ወላጆቹም የሚያውቁ አይመስለኝም።

ስለዚህ ሹመት የሚፈልግ አንዱን ይተው የሚለው ደንብ ይቆይ። መተዉና መመለሱ ግን ቀን የተቆረጠለት፣ ውሳኔው በጽሑፍ የሚሰጥና ፍርድ ቤት የሚያየው ይሁን፤ ያለ ፈቃዱ የሌላ አገር ዜጋ የተደረገውም እንደ ኬንያው ይለይ። ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል የሚለው ክርክር ከዓመት ዓመት እየሰፋ ነው፤ አንድ ቀን ረቂቅ ቀርቦ «ዕጩው ከኢትዮጵያዊ እናትና አባት» የሚል ሐረግ ብታዩበት፣ ለማን እንደተጻፈ ስሙን ጠይቁ። ያ አንቀጽ በ1948 ዓ.ም ሕገ መንግሥት ነበር፣ በ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት የለም። እንዳይመለስ።